ከሙጃ እስከ ዋሽንግተን፤ ርቀትና የበረራ ሰዓት

ነጋዴ ዕቃውን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ኪሎ ሜትሩን ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ የሚለካው ርቀትና ዕቃው በጉዞ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ኪሳራም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚሁ ልዩነት በኩል ነው።

በላስታ ደጋ ከምትገኘው ከሙጃ የገብስ በሶ ተጭኖ በዋሽንግተን ላሉት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ይላካል እንበል። ከላሊበላ እስከ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ አይሮፕላን በ1 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። በወልድያና በደሴ አልፎ ጣርማ በርን የሚወጣው የመኪና መንገድ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የጭነት መኪና ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ለመሄጃውም ለመመለሻውም አንድ ሲሆን ጊዜው ግን አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል። ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመጨመር በመካከል ማረፍ የተለመደ ሆኖ ኖሯል፤ ደብሊንና ሎሜ በተለያዩ ዓመታት ለዚሁ አገልግለዋል። (በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የተደረገው የአየር መንገዱ የመጀመሪያ በረራም በአሥመራ በኩል ነበር።)

ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚሸከመው ክብደት ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይቸግረዋል፤ ከሁለቱ አንዱ መጉደል አለበት። የሌሊት ቅዝቃዜ አየሩን ስለሚያጠብቀው በሌሊት መነሣት ይረዳል። በዚህ ላይ በከፍታው የሚነፍሰው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ ሄያጁን ይገፋዋል፤ ተመላሹን ይረዳዋል። መንገደኛውን ማረፉ ቢያደክመው ነው፤ ላኪውን ግን የኪሎ ሒሳብ ይነካዋል።

የሰዓቱም አቆጣጠር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጭነት ሰነድና በትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ሲሆን፣ ዋሽንግተን በፈረንጆች በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ትቀራለች። ከዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣ አይሮፕላን በማግስቱ ከጧቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይደርሳል፤ ሰነዱን ብቻ የተመለከተ ሰው ጉዞው 20 ወይም 21 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል። ደግሞም በሰነዱ ላይ 08:00 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብሎ ዕቃውን የሚያቀርብ ላኪ አይሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎት ይደርሳል።