የ«ዘ» እና የ«ዛት» አመራረጥ፤ የወለጋ ተማሪ ስለምን ይሳሳታል?

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ያደገ ብዙ ተማሪ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛን ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ተማሪ የእንግሊዝኛውን መስተአምር «ዘ»ን ከአመልካቾቹ ከ«ዚስ»ና ከ«ዛት» ለመለየት የሚቸገርበትን ምክንያት መግለጽ ነው።

ጸሐፊው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ በአንድ ድርሰት «ዛት ዘ ቢግ ሃውስ» ብሎ ጻፈ። መምህሩ «ዘ»ን በቀይ ቀለም ሰረዙት፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉም። በሚቀጥለው ድርሰት ያው ስሕተት ተደገመ፤ ማርኩም ዳግመኛ ተቀነሰ።

ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። በአማርኛ «ያ ትልቁ ቤት» ማለት ደንበኛ አነጋገር ነው፤ «ያ» ይጠቁማል፥ በ«ትልቁ» መጨረሻ የሚሰማው «ኡ» ደግሞ ቤቱ የታወቀ መሆኑን ያስረዳል። በኦሮምኛም «ናሚቺ ኩን»፥ ማለት «ይህ ሰውዬ»፥ ሲባል እንግዳ ያልሆነውን ሰው የሚለየው መድረሻ ከአመልካቹ ከ«ኩን» ጋራ አብሮ ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ያዘጋጀው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ አንዱ ከተቀመጠበት ለሌላው ቦታ የለም። እንዲያውም «ዘ»ና «ዛት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ የአንድ አመልካች ልዩ ልዩ መልኮች ነበሩ። ከጊዜ ብዛት «ዘ» የመጠቆም ኃይሉን አጥቶ መስተአምር ሆነ።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? «ዘ» ለአንባቢው «የትኛው እንደ ሆነ ታውቃለህ» ይለዋል እንጂ ቅርብና ሩቅ አይለይም። «ዚስ»ና «ዛት» ግን አንዱን ከሌላው ለይተው ያሳያሉ። በገበያ ሁለት ጆንያ ቡና ከፊቱ ያለ ገዢ የቅርቡን በጣቱ እያሳየ «ዚስ» ይላል። ጆንያው አንድ ብቻ ከሆነና አስቀድሞ ከተነገረለት «ዘ» ይበቃል። እኛ በአማርኛ «ፀሐይ ወጣች»፥ በኦሮምኛም «አዱን ባቴ» ስንል ምንም ምልክት አንጨምርም፤ እንግሊዝኛ ግን «ዘ ሰን» ይላል። «ዚስ ሰን» ያልን እንደ ሆነ ሰሚው «ሌላ ፀሐይ አለችን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ተማሪው ከስሙ በፊት «ሌላው ሳይሆን» የሚል ሐሳብ ጨምሮ ይሞክረው። ሐሳቡ ከገጠመ አመልካቹን፥ ካልገጠመና ነገሩ የታወቀ ከሆነ መስተአምሩን ይጻፍ። ደግሞም አመልካች ብቻውን ሊቆም ይችላል። «ዝናቡ ዘገየ፤ ይህም ገበሬውን ጎዳ» በምንልበት «ይህ»ን የሚተካው «ዚስ» ነው፤ «ዘ» ግን ያለ ስም ከቶ አይቆምም።

ቋንቋን ከቋንቋ ጋራ ማስተያየት ለነቀምቴ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብተውም አስተምረዋል። ዛሬም የእንግሊዝኛ መምህር ከቀዩ ሰረዝ አጠገብ «በአማርኛ ይቻላል፤ እዚህ ግን አይቻልም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፥ ተማሪው ራሱን ደካማ አድርጎ ከመቁጠር ይድናል፤ ስሕተቱንም አይደግመውም።