የተቃጠለ ቤት ሒሳብ

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ «ስንት ይከፍሉኛል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ኪሳራ ገማች ነኝና ከሁሉ አስቀድሜ ፖሊሲው ላይ የሰፈረውን የመድን መጠን አያለሁ። የካሳው ዕጣ በአብዛኛው የሚቆረጠው እሳቱ ከመነሳቱ በፊት፣ ያ ቁጥር የተጻፈ ዕለት ነው። ቁጥሩን ማን እንደጻፈው እንኳ የማያስታውሱ መድን ገቢዎች ግን ብዙ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ከባንኩ ግምት የተወሰደ ነው። ቤት በብድር የገዛ ወይም ቤቱን ያስያዘ ሰው ባንኩ በሚጠይቀው መሠረት የእሳት መድን ይገባል፤ አረቦኑ ከሒሳቡ እየተቆረጠ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ፖሊሲው የሚቀመጠው ባንኩ ፋይል ውስጥ ነው፤ መጠኑም ብድሩ በተፈቀደ ጊዜ በነበረው ግምት ላይ ቆሞ ይቀራል። ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ አልሙኒየሙ ግን አልቆመም። በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባው የማጠናቀቂያ ዕቃ ዋጋ ከድሮዎቹ ፖሊሲዎች ጋር ጭራሽ ተራራቀ።

እንበል ቤቱ የተመደነው በ3 ሚሊዮን ብር ነው፤ አደጋው በደረሰበት ቀን መልሶ ለመሥራት ግን 9 ሚሊዮን ይጠይቃል። እሳቱ ማድ ቤቱንና ሳሎኑን በልቶ የ1.8 ሚሊዮን ብር ጉዳት አደረሰ። ባለቤቷ ጉዳቱ ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ ብላ ትጠብቃለች። የአቬሬጅ አንቀጽ ግን ንብረቱን በሲሶ ዋጋው ያስመደነ ሰው የጉዳቱንም ሲሶ ብቻ ያገኛል ይላል፤ 600 ሺህ ብር። ከዚያም ላይ መድን ገቢዋ ራሷ የምትሸከመው ኤክሰስ ይቀነሳል። ልጆቿን ይዛ ዘመድ ቤት ለተጠጋች እናት ይህን ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኛል። ሒሳቡ በውሉ መሠረት ልክ ነው። ዓመት ከዓመት አረቦን እየተቀበለ «መጠንዎ አንሷል» የሚል አንድ ደብዳቤ ሳይጽፍ የኖረ መድን ሰጪ፣ በእሳቱ ማግሥት አንቀጹን መዞ ሲወጣ ፍትሕ ነው ቢሉኝ ግን አልስማማም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ቤት ያለው ሰው ቤቱን በሽያጭ ዋጋው ያስመድናል። የዚያ ዋጋ ትልቁ ድርሻ የቦታው ነው፤ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል እንደሆነና ክፍያው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ሕጉ በ2013 ሲሻሻልም የመድን ክፍሉ አልተነካም። ስለዚህ ለቦታው የተከፈለው አረቦን መቼም ካሳ ሆኖ አይመለስም። ማሠራት የሚገባው ቤቱን ዛሬ ከመሠረቱ መልሶ ለማቆም የሚፈጀውን የመሐንዲስ ግምት ነው። የቤት ዕቃም በሕንፃው ፖሊሲ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ካልተመዘገበ ሶፋውም ፍሪጁም በባለቤቱ ኪሳራ ይቀራል።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ደግሞ በጎነታችን ራሱ የሚጎዳን ነገር አለ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ባለቤቶቹ ፍርስራሹን እያዩ እንዳያዝኑ ብሎ፣ ግቢውን ጠርጎ ይጠብቀኛል። የሌለውን ግን መገመት አልችልም። የተቃጠለ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ይተርፋል፤ አንዳንዴ ከጀርባው ያለችው የሞዴል ሰሌዳም ትነበባለች። ያቺ ሰሌዳ ከአሥር ምስክር ትበልጥብኛለች። ለመድን ድርጅቱ ወዲያው ማሳወቅ፣ ሳይነካ ፎቶ ማንሳት፣ ለደኅንነት መነሳት ያለበትንም ግቢው ጥግ ማከማቸት ነው። የፖሊስና የእሳት አደጋ ማስረጃውም ሳይውል ሳያድር ይጠየቅ።

አያት አካባቢ ያየሁትን ላንሳ። የጡረተኛ መምህር ፎቅ ቤት ነው፤ ማድ ቤት ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ተያይዞ ነበር። የመጀመሪያው ግምት በፎቶ ብቻ ተሠርቶ ልስንና ቀለም ብሎ ዘግቶታል። እሳቸው አልፈርምም ስላሉ እኔ ተላክሁ። «ልጄ፣ ቀለም ቀብቼ የልጅ ልጆቼን እላዩ ላስተኛ?» አሉኝ፤ ከማድ ቤቱ በላይ ያለው የልጆቹ መኝታ ነው። ከጣሪያው ልስኑን በመሮ ሳነሳ ኮንክሪቱ ሮዝ ሆኗል። ሙቀት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ኮንክሪት ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የኮንክሪት ጥንካሬ በሚፈተሽበት ሽሚት ሃመር እየመታን እሳት ካልደረሰበት ክፍል ጋር አነጻጸርነው፤ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ሶሌታው ከፊሉ ፈርሶ እንዲሠራ ተወሰነ። መምህሩ ምሕንድስና አልተማሩም፤ ያልገባቸውን ወረቀት አለመፈረማቸው ግን ቤቱን አዳነው።

ስለዚህ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» የሚለው የመልቀቂያ ፎርም ሲቀርብልዎ የሒሳቡን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። ለእርጅና ስንት ተቀነሰ? ፖሊሲው በአዲስ የመተካት ውል ካለው ያ ተቀናሽ ለምን ገባ? ለተረፈው ቆርቆሮና ብረት የተያዘው ዋጋ ገበያው የሚሰጠው ነው? ፕሮፎርማው መቼ የተሰበሰበ ነው? ዋጋው የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ፣ መድን ሰጪው ወራት ካጓተተ በአሮጌው ዋጋ ልክፈል ማለቱን መቃወም ይቻላል። በእርስዎም በኩል ያልነበረ ቴሌቪዥን ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ፤ አንዱ ውሸት ሲገኝ እውነተኛው ሁሉ ይጠረጠራል። በመጠኑ መስማማት ካልተቻለ ብዙ ፖሊሲዎች ግልግል ዳኝነትን ይፈቅዳሉ፤ ብሔራዊ ባንክም የመድን ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ነው። የክስ መብት ግን በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ ና» እየተባሉ ጊዜው ያለፈባቸውን አውቃለሁ።

ቤቱ በብድር የተያዘ ከሆነ ካሳው የሚከፈለው በቅድሚያ ለባንኩ ነው። ባንኩ ለዕዳው ከያዘው ቤቱ ሳይጠገን ይቀራል፤ ይህ ደግሞ መያዣው የተጎዳበትን ባንክም አይጠቅምም። ገንዘቡ በሥራው ደረጃ እየታየ ለጥገና እንዲለቀቅ የመሐንዲሱን ግምት አያይዞ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ማመልከቻው ግን ቼኩ ከመጻፉ በፊት ባንኩ ይድረስ።