ሠርቶ አዳሪው ድኻና የመረዳጃው ደንብ

ወር በገባ በ12 ቀን በሲኤምሲ ሚካኤል፣ በ23 ቀን በገርጂ ጊዮርጊስ፣ በ27 ቀን በቦሌ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በሚበተንበት ጊዜ በደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡትን ነዳያን የማያይ ሰው የለም። ለእነርሱ እያንዳንዱ ምእመን እንደ አቅሙ ይመጸውታል። ዛሬ ልንናገርላቸው ያሰብናቸው ሰዎች ግን በዚያ ደጅ የማይቀመጡት ናቸው። እነዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው፣ ልጃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ወይም በጀርባቸው አዝለው፣ አንዳንዱ ወደ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ፣ አንዳንዱ ወደ ጉሊት፣ አንዳንዱም ልብስ ለማጠብና እንጀራ ለመጋገር ወደ ሰው ቤት የሚሄዱ ናቸው። እጃቸውን ለልመና ስላልዘረጉ ድኻ መስለው አይታዩም፤ ሥራቸውም ከዕለት ጉርስ ስለማያልፍ ድኽነታቸው አይለቃቸውም።

መንግሥት ለእንዲህ ያሉት ሰዎች ምንም አላሰበም ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ ተጀመረ፤ በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጣ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ፣ መንግሥታችንም 150 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮበት፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604,000 ያህል ሰዎችን የሚረዳ የከተማ ሴፍቲኔት ተቋቋመ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ በ400 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶ ከተሞቹ ከ80 በላይ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሴፍቲኔት የውጭ አገር ቃል ነው፤ ፍቺውም ከከፍታ የሚወድቀውን ሰው መሬት ሳይደርስ የሚቀበለው መረብ ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን መረብ የሚመዘነው በክሩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በቀዳዳውም ስፋት ስለ ሆነ፣ በደንቡ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ቀዳዳዎች ለባለሥልጣኖችና ለአባቶች ካህናት ለማሳየት እንፈልጋለን።

ሥራው በሁለት የተከፈለ ነው። አቅም ያላቸው ጎዳና በመጥረግ፣ አረንጓዴ ስፍራ በመትከልና ቆሻሻ በማንሣት የአካባቢ ልማት ሥራ ሠርተው ምንዳ ይቀበላሉ፤ መሥራት የማይችሉት ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ግን ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያው ዘመን የቀኑ ምንዳ 60 ብር ነበረ። የሥራው ቀን በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 60፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 ሆኖ፣ ከአንድ ቤት እስከ 4 ሰው ይቆጠር ነበር። እንግዲህ አራት ሰው የተቆጠረለት ቤት በመጀመሪያው ዓመት 14,400 ብር፣ በወር ሲካፈል 1,200 ብር ያገኛል። ከዚህም ከመቶው 20 በባንክ እንዲቆጠብ ደንቡ ስለሚያዝ በእጅ የሚገባው 960 ብር ነው። ቁጠባው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከመቋቋሚያው ገንዘብ ጋር ተጨምሮ ሰውየው በራሱ ሥራ እንዲቆም የታሰበ ነው፤ በዚህ ሐሳብ ላይ ነቀፌታ የለንም።

በርዳታ ላይ ደንብ መኖሩን የሚነቅፍ ሰው ካለ የቀደመውን ታሪክ ያስታውስ። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው በኢየሩሳሌም ከነበሩት መበለቶች የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ በየዕለቱ እደላ ስለ ተረሱ ማጉረምረም ተነሣ። በዚያ ጊዜ የጎደለው እንጀራው አልነበረም፤ የጎደለው አዳዩ ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ የሚቈጣጠር ሥርዓት ነበረ። ስለዚህ ሰባት ዲያቆናት ተሾሙ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት መበለቲቱ በመዝገብ የምትጻፍበትን ዕድሜ ሳይቀር ወስኗል። እንግዲያውስ መዝገብና ወሰን ያለ ነገር ነው፤ ጥያቄው መዝገቡ ማንን ይረሳል የሚለው ነው።

በምሥራቁ የከተማችን ክፍል አስቀድሞ የሚረሳው ተከራዩ ነው። ደንቡ ተረጂው በወረዳው ቢያንስ 6 ወር የኖረ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል። ለአንድ ወረዳ የተመደበ ገንዘብ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሰው እንዳይበተን የታሰበ ስለ ሆነ ምክንያቱ ይገባናል። ነገር ግን በአያት፣ በሰሚት፣ በቦሌ ቡልቡላና በቦሌ አራብሳ የሚኖረው ድኻ በኪራይ የሚኖር ነው። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ፍራሹን አንከብልሎ ወደ ራቀውና ወደ ረከሰው ሰፈር ይሄዳል። ወረዳ በለወጠ ጊዜ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ማምጣት አለበት፤ መሸኛውን ለማውጣት ከሥራ መቅረት አለበት፤ በአዲሱ ወረዳ ለመመዝገብ ደግሞ የአከራዩ ምስክርነት ያስፈልጋል፤ አከራዩም የቤት ኪራይ ግብር እንዳይመጣበት ፈርቶ ተከራይ የለኝም ይላል። ስድስቱ ወር ከዚያ በኋላ ነው መቆጠር የሚጀምረው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ በተቋቋመ ጊዜማ ሰውየው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ክፍለ ከተማው ተንቀሳቀሰበት።

ይህን ቀዳዳ ለመጠገን የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በመንግሥት እጅ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ተደንግጎ ፋይዳ የሚባለው ቁጥር ለሕዝቡ ይሰጣል፤ ይህም ቁጥር ሰውየው ወደ ሄደበት የሚከተለው ነው። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ታዟል። ስድስቱ ወር በወረዳ መቆጠሩ ቀርቶ በከተማ ቢቆጠር፣ ማስረጃውም መሸኛ መሆኑ ቀርቶ ይኸው ቁጥርና ይኸው ውል ቢሆን፣ ከገርጂ ወደ አራብሳ የተሰደደች እናት እንደ ባዕድ አገር ሰው ባልተቆጠረች ነበር።

ሁለተኛው ነገር የቦሌ ባለጠግነት ነው። ይህ ለሰሚ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት ነው። የሴፍቲኔቱ ገንዘብ በመጀመሪያ ለሰፈር፣ ከዚያም በሰፈሩ ውስጥ ለቤት የሚመደብ ስለ ሆነ ድኽነት የበዛበት ወረዳ ይቀድማል። በ2009 ዓ.ም. ሥራው በአዲስ አበባ ሲጀመር 35 ወረዳዎች በዕጣ ተመርጠው ቀደሙ፤ ዕጣው የወጣውም ድኾች ናቸው ከተባሉት ወረዳዎች መካከል ነበር። በጠቅላላው ሲታይ ይህ ትክክል ነው። ሆኖም በቦሌ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከግንቡ ጀርባ በሰርቪስ ቤት የምታድር ልብስ አጣቢ የጌታዋ ሀብት ለእርስዋ ሀብት ሆኖ አይቆጠርላትም፤ ወረዳዋ ግን በዚያ ሀብት ይመዘናል። በተጨፈጨፈ ሰፈር የሚኖር ድኻ ከመሰሎቹ ጋር ስለሚቆጠር ይታያል፤ በባለጠጋ መካከል የሚኖር ድኻ ግን ብቻውን ስለ ሆነ ይሰወራል። ይህችው ሴት በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የቤት ሠራተኛን ስላልጨመረ በዚያም በኩል አልተጻፈችም። በሁለቱም መዝገብ የለችም ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የልጁ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፋብሪካ የምትሠራ እናት ከመውለድዋ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ዕረፍት አላት፤ አባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን አለው። በሴፍቲኔቱም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለተወሰነ ጊዜ ከጉልበት ሥራ ወጥታ ቀጥታ ድጋፍ እንድታገኝ ተፈቅዷል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ዕረፍቱ ያልቃል። ሕፃኑ በዚያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነው፤ የመንግሥት አፀደ ሕፃናት ግን የሚቀበለው ዕድሜው ከፍ ሲል ነው። በእነዚህ መካከል ላሉት ዓመታት ልጁ የት ይዋል?

ለዚህ ጥያቄ የተለያየ ሰው የተለያየ መልስ አለው። የመንግሥት ሠራተኛ እናት በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ስለ ተደነገገ፣ በየቦታው ባይፈጸምም፣ ቢያንስ የምትጠቅሰው ሕግ አገኘች። ለፋብሪካ ሠራተኛዋ በወጣው አዋጅ እንዲህ ያለ ግዴታ አልተጻፈም። የጉሊት ነጋዴዋ ልጅዋን በጎመኑ አጠገብ በካርቶን ላይ ታስተኛዋለች። ጎዳና የምትጠርገውስ? ብዙዎቹ በሴፍቲኔቱ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ልጅዋን ለመጠበቅ ከቀረች የቀኑ ምንዳ ይቀራል፤ ይዛው ከመጣች አቧራው ይጎዳዋል፤ ታላቅ እኅቱ እንድትጠብቀው ካደረገች ደግሞ ያቺ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የአንዲት እናት የዛሬ ምንዳ በልጅዋ የነገ ድኽነት ሲገዛ ይህን ትርፍ ብሎ የሚመዘግብ ሒሳብ ሠራተኛ አለ ብለን አናምንም።

በሁለተኛው ምዕራፍ የሕፃናት ማቆያ በሥራው ውስጥ መግባቱን እናውቃለን። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሕፃናትን መጠበቅ ራሱ እንደ ጎዳና መጥረግ ምንዳ የሚከፈልበት የአካባቢ ልማት ሥራ ሆኖ በየሥራው ቦታ ይቆጠር የሚል ነው። አካፋ ለመያዝ ጉልበት ያነሳት፣ ሕፃን ለማባበል ግን ልምድ ያላት ባልቴት በየሰፈሩ አለች። በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ይረዳል።

አራተኛው የደንቡ ጠርዝ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ ተረጂው ተመረቀ ይባላል። ምረቃ ደስ የሚያሰኝ ቃል ነው፤ ነገር ግን በቀን መቁጠሪያ የሚመረቅና በኑሮው የሚመረቅ አንድ አይደሉም። በ2009 ዓ.ም. 60 ብር የሚገዛውን እህል ዛሬ 60 ብር እንደማይገዛ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ምንዳውም ቀጥታ ድጋፉም በየዓመቱ ከገበያው ዋጋ ጋር የሚመዘንበት ቀን በደንብ ሊቈረጥለት ይገባል። ምረቃውም ሦስት ዓመት ሞላ ተብሎ ሳይሆን ቤቱ ታይቶ ቢሆን ይሻላል።

ስለ ጠርዝ ካነሣን የሌላውንም አገር ጉዳት መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የታመመ ወይም አካሉ የተጎዳ ዘመዱን ለሚያስታምም ሰው የሚሰጥ አበል አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አበሉ በሳምንት 81 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም ነበረ፤ አስታማሚው በሌላ ሥራ ከ151 ፓውንድ በላይ ካገኘ ግን፣ ትርፉ አንድ ፓውንድ እንኳ ቢሆን፣ የሳምንቱ አበል በሙሉ ይቀርበት ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ወሰኑን በጥቂቱ አልፈው፣ መሥሪያ ቤቱም በጊዜው ሳይነግራቸው ቆይቶ፣ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ዕዳ ተጠየቁ፤ ነገሩም በዚያው ዓመት በጋዜጦች ታላቅ ክርክር አስነሣ። ባለጠጋ አገር እንዲህ ከተሰናከለ እኛ ደንባችንን ገና በምንጽፍበት ጊዜ መጠንቀቅ ይቀልለናል። የጉሊት ንግድዋ ጥቂት ስለ ሰፋ ድጋፍዋን በአንድ ቀን የምታጣ ሴት ንግድዋን ትደብቃለች እንጂ አታሰፋውም።

ቀጥታ ድጋፍ የሚቀበሉት ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች ችግር ከዚህ ይለያል፤ እነርሱን የሚያደክማቸው መንገዱ ነው። ገንዘቡ በባንክ መከፈሉ ሌብነትን ይከለክላል። ነገር ግን ከአልጋ የማትነሣ አሮጊት ወደ ባንክ መሄድ አትችልም፤ ሌላ ሰው ልትልክ ብትፈልግ ውክልና ያስፈልጋታል፤ ውክልና መስጠትም ለእርስዋ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ለጥቂቶች ብቻ የሚወጣ መስሎት የሚያጉረመርም ሰው ቢኖር አንድ ነገር እናሳስበው። የአዲስ አበባውን ሥራ በዕጣው ምክንያት ወረዳን ከወረዳ እያነጻጸሩ የመረመሩ የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ ሥራው በመላው ከተማ ሲዳረስ በግል ቀጣሪዎች ዘንድ ያለው ምንዳ በ18.6 ከመቶ እንደሚጨምር አስልተዋል። ምክንያቱም ድኻው በሰፈሩ ሥራ ሲያገኝ በርካሽ የሚቀጠር ሰው ያንሳል፤ ስለዚህ ቀጣሪው ዋጋ ይጨምራል። ጥቅሙ በመዝገብ ላልተጻፈውም የቀን ሠራተኛ ደረሰ ማለት ነው። ለድኾች የተገኘው በረከት ይህና የሰፈሩ መሻሻል ሲጨመሩበት ለተጻፉት ብቻ ከሚታየው ስድስት እጥፍ መሆኑንም ጽፈዋል።

የቀረን ስለ መራጮቹ መናገር ነው። ማን ይጻፍ ማን ይቅር የሚለውን የሰፈሩ ኮሚቴ ይመክርበታል፤ የተረሳም ሰው ለቅሬታ ሰሚው ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ከጥዋት እስከ ማታ የምትሠራ እናት በስብሰባው ቀን የለችም፤ ስምዋን የሚያነሣላት ሰው ከሌለ ቅሬታም አታቀርብም፤ ቀኑ ማለፉንም የምትሰማው ካለፈ በኋላ ነው። የንስሐ አባት ግን የማንን ቤት ጓዳ ያውቃል፤ የዕድሩም ዳኛ መዋጮ ማን እንዳቃተው ያውቃል። የወረዳ ሹማምንት ስብሰባውን በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢያደርጉ፣ የደብሩን ካህንና የሰፈሩን የዕድር ዳኞች ቢጠሩ፣ ዝርዝሩንም ከመጽደቁ በፊት በወረዳው ደጅና በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየመስጊዱ አጥር ላይ ለ15 ቀን ቢለጥፉ ወጪው የወረቀትና የማጣበቂያ ብቻ ነው።