ጎበዝ ጎበዙን ለቅመን ለምን እንሸነፋለን?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። "የወረዳው ቡድን ከየቀበሌው ጎበዝ ጎበዙን ለቅሞ ይሄዳል፣ ግን በጊዜ ተሸንፎ ይመለሳል። የአንድ ሰፈር ልጆች ደግሞ ወዳጅነት ሲገጥሙት ይረቱታል። ለምን?" ወረታ ላይ ልጆች ሳሰለጥን የኖርኩት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ የተጫዋቾቹን ችሎታ ብቻ ብትደምሩ ቡድን አታገኙም። አብረው የተጫወቱበት ሰዓትም መቆጠር አለበት፤ በተለይ ጎን ለጎን የሚሰለፉት።

ይህን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው እኛ አገር ብዙም የማይታወቀው ራግቢ ነው። በአንድ ቡድን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሞላላዋን ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ዓይኑ ተጋጣሚው ላይ ሆኖ ከኋላው የሚመጣው ጓደኛው የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ልይ ብሎ ሲዞር ተይዞ ይወድቃል።

ኳስ በጎን መስመር ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ሁለቱ ቡድኖች ትይዩ ሰልፍ ይይዛሉ፤ ወርዋሪው በመካከላቸው ቀጥ አድርጎ መጣል አለበት። ከሰልፉ አንዱ ሲዘል ሁለት ጓደኞቹ ጭኑን ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል። ወርዋሪው ግን ሰውየው አየር ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ የሚጥለው እጁ ይደርሳል ብሎ ወደገመተው ቦታ ነው። ትንሽ ከዘገየ ኳሷ የተጋጣሚ ናት። እዚህ ላይ የክንድ ጉልበት ብዙ አይረዳም፤ ለዚያ ዘላይ፣ ከእነዚያ አንሺዎች ጋር፣ ስንት ጊዜ ጥሎለታል ነው ጥያቄው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ ስትጋጠም፣ ዋናው ወርዋሪዋ ቦንጊ ምቦናምቢ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጎድቶ ወጣ። ተቀይሮ የገባው የ37 ዓመቱ ዲዮን ፉሪ ጠንካራና ልምድ ያለው ተጫዋች ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት ያዘወተረው ሌላ ቦታ ነበር። ውርወራው ተንገዳገደ። ያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካ 12 ለ 11 አሸነፈች። የኒውዚላንዱ አምበል ሳም ኬን በቀይ ካርድ መውጣቱ እንደረዳት ባይካድም፣ የቀረውን ክፍል ቀጥ አድርጎ የያዘው አብሮ የቆየው ስብስብ ነው። ኳሷን ከግፊያው አውጥቶ የሚያቀብለው ፋፍ ደ ክለርክና ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ሀንድሬ ፖላርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 በረቱበት ፍጻሜም አብረው ነበር የተሰለፉት። አምበሉ ሲያ ኮሊሲ፣ ኤበን ኤትዘቤትና ዴሚየን ደ አሌንዴም ሁለቱንም ፍጻሜ ጀምረዋል። ፓሪስ ላይ 12ቱንም ነጥብ ያስቆጠረው ፖላርድ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ በ1951 ዓ.ም. እንደገና 4 ለ 0። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለፍጻሜ ስንገናኝ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና 4 ለ 2 ዋንጫውን አስቀረነው። የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን በአገሩ ሜዳ፣ በሕዝቡ ፊት መጫወቱ ብዙ ረድቶታል። ነገር ግን ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች መሆናቸውን አትርሱ። ከወንድሙ ጋር ተሰልፎ ኳስ የተጫወተ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን የሰውነት ቢሻው ቡድንም አብዛኛው ከአገር ውስጥ ሊግ የተውጣጣ፣ በየሳምንቱ የሚተያይ ስብስብ ነበር። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ሲመለስ አልፈረሰም፤ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፎ አለፈ።

ነገሩ ከሜዳ ውጭም ተለክቷል። ሮበርት ሃክማንና ጋሪ ፒሳኖ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በተለያዩ ሆስፒታሎች እየተዘዋወሩ የሚሠሩ የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን ውጤት መረመሩ። ሐኪሙ በአንድ ሆስፒታል ብዙ በሠራ ቁጥር እዚያው ያሉት ታካሚዎቹ ውጤት ይሻሻላል፤ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ግን ያ መሻሻል አብሮት አይሄድም። እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለወጡት በዙሪያው የቆሙት ሰዎችና አሠራሩ ናቸው።

ፎገራ ላይ ሩዝ ያጨደ ሰው ይህን ለመረዳት የሃርቫርድ ጥናት አያስፈልገውም። ዓምናም ካቻምናም አብሮ ያጨደ ወንፈል ማሳ ሲገባ ማን ዳር እንደሚይዝ አይመካከርም። ፈጣኑ ዳሩን ይይዛል፤ ቀጥሎ ያለው በእሱ ልክ ማጭዱን ይሰነዝራል፤ ከኋላ ነዶ የሚያስረው እፍኙ የት እንደሚቀመጥለት ያውቃል። አንድ ጉልበታም እንግዳ መሀል ሲገባ ያጨደውን በራሱ ልማድ ሌላ ቦታ ይጥላል። አሳሪው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሰልፉ ይጣመማል። ማንም አልሰነፈም፤ ሥራው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ወደ ኳሳችን ስመጣ፣ ከአንድ ሰፈር ቡድን ሁለት ልጆችን ልጥቀስ። አንዱ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ይሠራል፣ በግራ መስመር ተከላካይ ነው። ሌላው ባጃጅ ይነዳል፣ ከፊቱ የሚሰለፍ የመስመር አጥቂ ነው። ተከላካዩ ኳስ ሲነካ አጥቂው ወደ መሀል ይገባል፤ ጠባቂው ይከተለዋል፤ የተለቀቀውን ጥግ ተከላካዩ በሩጫ ይደርስበታል። ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም። የወረዳ ምርጫ ሲመጣ ባለባጃጁ ተመረጠ፣ ጓደኛው "አጭር ነው" ተብሎ ቀረ። ውድድሩ ላይ ባለባጃጁ እንደ ልማዱ ወደ መሀል ገባ፣ ጥጉ ግን ባዶውን ቀረ። "ይሄ ልጅ ቦታውን አይጠብቅም" ተባለና ከእረፍት በኋላ ተቀየረ። ልጁ የተጫወተው ያንኑ የተመረጠበትን ጨዋታ ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ የጋራ ሰዓት ውድ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጉልበቱ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ደህና አድርገን የምንጫወተው ሩዙ ከተነሳ በኋላ ነው። በዚህች አጭር በጋ የተሰባሰበ የወረዳ ቡድን፣ ከልጅነቱ አብሮ የተጫወተ የሰፈር ቡድን ቢያሸንፈው አይግረማችሁ። ባሕር ዳርን የምትደግፉም ፋሲልን የምትደግፉም አንድ ነገር ላይ እንስማማለን፦ በየዝውውር ወቅቱ ግማሹን ቡድን የሚቀይር ክለብ በየዓመቱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ይህ ማለት የቆየ ቡድን አይነካ ማለት አይደለም። ራልፍ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት 50 የምርምር ሥራ ቡድኖችን አይቶ ነበር። አብረው ሲቆዩ መጀመሪያ ውጤታቸው ያድጋል፤ ዓመታት ሲበዙ ግን ከውጭ ሰው ጋር መነጋገር እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ ውጤቱም ይወርዳል። የሰፈር ቡድንም እንዲሁ ነው። የጓደኛን ድክመት መሸፈን ልማድ ይሆንና ማንም አያርመውም፤ ተጋጣሚም ጨዋታውን ሸምድዶት ይመጣል። አዲስ ሰው ያስፈልጋል፣ ግን ጥቂት በጥቂት።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1. አንድ ደህና የሰፈር ቡድን መሠረት አድርጉና ከሌሎች ቀበሌዎች የጎደለውን ብቻ ሙሉበት።

2. ጥንዶችን አትለያዩ። በረኛውና የመሀል ተከላካዩ፣ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች፣ የመስመር ተከላካዩና ከፊቱ ያለው አጥቂ እንደ አንድ ምርጫ ይታዩ።

3. ቅያሪውን ከቅያሪዎች ጋር ብቻ አታለማምዱ። ምቦናምቢ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው የወጣው። ተተኪው ከቋሚዎቹ ጋር በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ይሰለፍ።

ዘንድሮ ምርጫ ላይ የምትቀመጡ ወንድሞች፣ የስም ዝርዝሩን ስታዘጋጁ ከቁመትና ከዕድሜ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ "ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?" ያ ዓምድ ለግማሾቹ ባዶ ከሆነ ውድድሩ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ የወዳጅነት ጨዋታዎቹን ከዛሬ ጀምሩ።