የከተማ ምክር ቤቶች የአደባባይ ሥነ ጥበብ ፖሊሲ ሲያወጡ ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በሙዚየም የተቀመጠን የጥበብ ሥራ የሚያየው ፈልጎ የሄደ ሰው ነው። በአደባባይ የሚቆም ሐውልት፣ በሕዝብ ሕንፃ ላይ የሚሳል የግድግዳ ሥዕል ወይም በመናፈሻ የሚተከል ቅርፃ ቅርፅ ግን ወደ ሥራና ወደ ገበያ ለሚመላለሰው ነዋሪ ሁሉ ይታያል። ወጪው የሚሸፈነውም በአብዛኛው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። በመሆኑም ማን እንደሚመርጥ፣ በጀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠብቀውና በምን ሁኔታ ሊነሳ እንደሚችል የከተማ ምክር ቤት አስቀድሞ በፖሊሲ ሊወስን ይገባል።

የጉዳዩን ክብደት የአዲስ አበባ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ወቅት ተነስቶ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። የሌኒን ሐውልት በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ወርዷል። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ደግሞ ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ዳግም ቆሟል። በመካከሉ ሐውልቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ጥያቄ በርካታ ነዋሪዎችን አሳስቦ እንደነበር ይታወሳል። የአነሳስና የመመለሻ ሥርዓት አስቀድሞ ተጽፎ ለሕዝብ ይፋ ቢደረግ እንዲህ ያለው ስጋት ይቀንሳል።

በበጀት ረገድ በበርካታ አገሮች የሚሠራበት ስልት ከግንባታ ወጪ የተወሰነ መቶኛ ለሥነ ጥበብ መመደብ ነው። በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንን ስልት በመጀመር ቀዳሚ ስትሆን፣ ሲያትል በ1973 ከከተማዋ የካፒታል ፕሮጀክቶች 1 በመቶ እንዲመደብ ደንግጋለች። በዚህ ስሌት 200 ሚሊዮን ብር የሚወጣበት ሕንፃ 2 ሚሊዮን ብር ለሥነ ጥበብ ያስገኛል ማለት ነው። የስልቱ ዋነኛ ጥቅም ሠዓሊው ወይም ቀራፂው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከንድፍ ሥራው ጀምሮ ከአርክቴክቱ ጋር እንዲሠራ ማስቻሉ ነው።

የአመራረጥ ሂደት ሌላው አቢይ ጉዳይ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ አሸናፊ የሚሆንበት የግዥ አሠራር ለሲሚንቶና ለወረቀት ቢያገለግልም የጥበብ ሥራን ብቃት አይመዝንም። ተመራጭ የሚሆነው በመጀመሪያ በግልጽ ማስታወቂያ ጥቂት ተወዳዳሪዎችን መለየት፣ ቀጥሎም ተከፍሏቸው ንድፍ እንዲያቀርቡ ማድረግ ነው። ዳኞቹም የሥነ ጥበብ፣ የታሪክና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች እንዲሁም የአካባቢው ነዋሪዎች ተወካዮች ሊሆኑ ይገባል። በስጦታ የሚቀርቡ ሥራዎችም የጥበቃ ወጪያቸው በከተማው ላይ ስለሚወድቅ በዚሁ መመዘኛ መታየት አለባቸው።

ሕዝብን ዘግይቶ ማማከር የሚያስከትለውን ችግር በኒውዮርክ የታየው ክርክር ያመለክታል። በፌዴራል መንግሥት ወጪ የተሠራው የሪቻርድ ሴራ ግዙፍ የብረት ቅርፅ እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አደባባይ ላይ ቆመ። መተላለፊያ ዘጋብን ያሉ ሠራተኞች ተቃውሞ አነሱ፤ ይፋዊ የሕዝብ መድረክ የተካሄደው ግን በ1985 ነበር። ቀራፂው በፍርድ ቤት ቢሟገትም ሥራው በ1989 ተቆራርጦ ተነስቷል። ነዋሪው ሐሳቡን ከውሉ መፈረም በፊት ቢሰጥ ለከተማም ለባለሙያም ይበጃል።

ሐውልት በምረቃው ዕለት ወጪው አያበቃም። ጽዳት፣ እድሳት፣ መብራትና ጥበቃ በየዓመቱ በጀት ይጠይቃሉ። ስለሆነም የእያንዳንዱን ሥራ ባለሙያ፣ የተሠራበትን ዓመትና ቁስ እንዲሁም ኃላፊ የሆነውን መሥሪያ ቤት የያዘ መዝገብ ሊኖር ይገባል።

በአገራችን ፖሊሲው የሚመሠረትበት የሕግ መነሻ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የሥራ አመንጪው ክብሩን የሚጎዳ ለውጥ በሥራው ላይ እንዳይደረግ የመቃወም መብት ሰጥቶታል። ከባለሙያው ጋር የሚፈረመው ውል እነዚህን ድንጋጌዎች አገናዝቦ የእድሳት፣ የማዛወርና የማንሳት ሁኔታዎችን በዝርዝር ማስፈር ይኖርበታል።