የጉደር ፏፏቴ በክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ብዙዎቻችን ከቤት መዋልን እንመርጣለን። ነገር ግን ፏፏቴን በሙሉ ግርማው ፎቶ ማንሳት የሚሻ ሰው ከክረምት የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ባለፈው ነሐሴ ከታናሽ ወንድሜና ከእህቴ ልጅ ጋር ማልደን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፈን አምቦ እስክንደርስ ጉሙ አልተለየንም። አምቦ ላይ ዙህርን ሰግደን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጉደር ቀጠልን።

ፏፏቴውን ከማየታችን በፊት ድምፁን ሰማን። በበጋ የሚሳሳው የጉደር ወንዝ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ቀለሙ ከየማሳው ታጥቦ የመጣ አፈር ነው፤ ወንዙም ይህንኑ ይዞ ወደ ዓባይ ይገባል። ሱብሃነላህ! ውበቱ የሚያስደንቀውን ያህል የገበሬው ኪሳራም ታየን።

የአሥራ ሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ «አንድ ፎቶ ብቻ» ብሎ ሞባይሉን እንደያዘ ወደ ጫፉ ወረደ። አንድ አዛውንት ገበሬ ከወዲያ ጮኹ፦

«ተመለስ ልጄ! ይህ ድንጋይ ጠዋት ደረቅ ነበር።»

እኛ ዘንድ ዝናብ አልነበረም። እርሳቸው ግን ወደ ደቡብ፣ በደጋው ላይ የጠቆረውን ሰማይ አሳዩን። እዚህ ባይዘንብም እዚያ ከዘነበ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል። ልጁ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ውሃው ያንን ድንጋይ ሸፈነው።

እንግዲህ ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በመቅረብ ሳይሆን በመታገሥ ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ብርሃን እንዲቀበል ቢደረግ ውሃው እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፤ በአምስት መቶኛ ሴኮንድ ቢነሳ ግን ጠብታው ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ደመና ኃይለኛ ጥላን ስለሚያስቀር አትጥሉት። ሌንሱን ከካፊያ የምታብሱበት ንጹሕ ጨርቅ ያዙ። የጠራ ሰማይና አደይ አበባ የምትፈልጉ ከሆነ መስከረምን ጠብቁ። ሰውን፣ በተለይም እናቶችንና እህቶችን፣ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ያን ቀን ካነሳቸው ፎቶዎች እናቱ አሳጥባ ሳሎን የሰቀለችው ከሩቅ፣ ከአዛውንቱ አጠገብ ቆሞ ያነሳውን ነው።

«ምነው ትንሽ ጠጋ ብትል ኖሮ!» አለችው።

ልጁ መልስ አልሰጠም፤ እኔን ቀና ብሎ አየኝ።