ጠንካራ የቴስታታ ብሎን፦ መቼ ይገዛል? እንዴትስ ይጠብቃል?

የናፍጣ ወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው አጥቢያዎች ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው፦ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን በተደጋጋሚ ይቃጠላል፤ መካኒኩ ‹ብሎኑ ስለ ደከመ ጠንካራ ይግባለት› ብሏል፤ ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡን ይፍቀድ ወይስ አይፍቀድ?» በቱላ ክፍለ ከተማ ከአንድ አጥቢያ አባቶች ጋር በዚሁ ጉዳይ ስንመካከር የተነሡት ነጥቦች ለሌሎችም ስለሚጠቅሙ በጽሑፍ አቅርበናቸዋል። ወፍጮ ሲቆም የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም። እናቶች በቆሎአቸውን ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ከወፍጮው ገቢ ደመወዝ የሚጠብቁ አገልጋዮችም ወሩ ባዶ ይሆንባቸዋል።

ቴስታታ የሲሊንደሩ ክዳን ነው። በክዳኑና በሞተሩ ብሎክ መካከል ጓርኒሲዮኑ ይተኛል፤ ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው ብሎኑ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን ጨምቆ በሚያገኘው ሙቀት ስለሆነ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከፍተኛ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 100 ኪሎ ግፊት ቢያርፍ፣ ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 78 ኩንታል ያህል ይሆናል። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚሽከረከር ባለ አራት ምት ሞተር ይህን ግፊት በእያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 750 ጊዜ ይቀበላል።

ብሎኑ ይህን የሚቋቋመው እንደ ሚስማር ተተክሎ ሳይሆን እንደ ከበሮ ጠፍር ተወጥሮ ነው። መካኒኩ ሲያጠብቀው ብረቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይረዝማል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገልም ክዳኑን ይጫናል። ከመጠን በላይ ከተሳበ ግን እንደ ረገበ ጠፍር ይሆናል፤ አይመለስም። ጠንካራ ብሎን የሚባለው ሳይረግብ የበለጠ ሊወጠር የሚችለው ነው። ጥንካሬው ጭንቅላቱ ላይ በቁጥር ይቀረጻል። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ «8.8» የተጻፈበት የተለመደ ብሎን ወደ 5.5 ቶን ሲደርስ መርገብ ይጀምራል፤ «10.9» የተጻፈበት ደግሞ 7.7 ቶን ገደማ ይችላል። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር በ10 ሲባዛ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስንት ኪሎ ሲሳብ እንደሚበጠስ በግምት ይነግራል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ከዚያ ኃይል ስንት ዐሥረኛው ላይ እንደሚረግብ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በ8.8ና በ10.9 መካከል የብረቱ የመለጠጥ ጠባይ አይለያይም። ስለዚህ ጠንካራው ብሎን በቀድሞው ልክ ከጠበቀ ክዳኑን የሚጫነው በቀድሞው ልክ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ከፍ ብሎ ሲጠብቅ ነው። ከፍ ሲልም ሸክሙ ወደ ብሎኩ ጥርስ ይዞራል። ያረጀ የብረት ብሎክ ጥርሱ ከተላጠ የሚወጣው ወጪ ከብሎን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እንደ ሊስተር ላሉ፣ በደቂቃ 650 ዙር ለሚሽከረከሩ ቀርፋፋ የወፍጮ ሞተሮች እንደ እኔ ግምት ከፋብሪካው ደረጃ የበለጠ ጠንካራ ብሎን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛው ደረጃ በአዲሱ መተካቱ ነው።

ከግዢው በፊት መጠየቅ ያለበት «ብሎኑ ለምን ደከመ?» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክፍት በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በሞተሩ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ ዝቃጭ ጥሎ መንገዱን ያጠባል። በተጨማሪም አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ጉልበት ሲያንሰው አንዳንድ ኦፕሬተሮች የናፍጣውን መጠን ይጨምራሉ፤ ትርፉ ጥቁር ጭስና ተጨማሪ ሙቀት ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ስለሆነ ብሎኑን ይበልጥ ይስበዋል።

በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በፎርድ ፒክአፕ መኪኖች ላይ የተገጠመው ባለ 6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ አራት ብሎን ብቻ ነበረው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ሲደፈን ሞተሩ ይግል ነበር፤ ብሎኖቹ ረግበው ጓርኒሲዮኑ ይቃጠል ነበር። ባለቤቶቹ ጠንካራ ስተድ ማስገባትን ለመዱ። ማቀዝቀዣውን ሳያስተካክሉ ስተድ ብቻ ማስገባት ግን የበሽታውን ሥር አይነካም። ተከታዩ ባለ 6.4 ሊትር ሞተር የብሎኑ ዲያሜትር ከ14 ወደ 16 ሚሊ ሜትር ከፍ ተደርጎለት ወጣ።

መንሥኤው ታርሞ ግዢ ከተወሰነ የፕሮፎርማው አጻጻፍ ወሳኝ ነው። «የቴስታታ ብሎን፣ 8 ፍሬ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ምን እንደመጣም ማንም አያውቅም። ዲያሜትሩ፣ የጥርሱ ርቀት፣ ርዝመቱና የጥንካሬ ቁጥሩ ይጻፍ። ጭንቅላቱ ላይ የአምራች ምልክትና ቁጥር የሌለውን ኮሚቴው አይረከብ። ከተራ ብረት በቶርኖ የተቀረጸ ብሎን ለአጥር በር ይሁን፤ ለቴስታታ አይሆንም። «12.9» የበለጠ ስለሆነ ይሻላል ማለትም ስሕተት ነው፤ እጅግ የጠነከረ ብረት ተሰባሪነት አለው፣ በተለይ ዚንክ ከተቀባ። በአንዳንድ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ ያለው ብሎን በዲግሪ እየተጠመዘዘ እስከ መርገብ ወሰኑ እንዲሳብ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እርሱ ከተፈታ በኋላ ዳግመኛ አይገባም።

ስተድ የሚባለው ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ነው። አንዱ ጫፍ ብሎኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሌላው ላይ ሮንዴላና ዳዶ ይገባል። ሲጠብቅ የሚዞረው ዳዶው ስለሆነ የብሎኩ ጥርስ አይፋቅም፣ ስተዱም ብዙ ሳይጠመዘዝ በቀጥታ ይሳባል። ሞተሩ በየጊዜው የሚፈታ ከሆነ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። የስተዱ ታችኛ ጫፍ በመፍቻ እየተጨነቀ አይገባም፤ አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በእጅ ጠብቆ ይቀመጣል።

ገጠማው ላይ መቸኮል አይገባም። የቴስታታውና የብሎኩ ገጽ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በስስ የክፍተት መለኪያ ይፈተሽ፤ የሚፈቀደው ጉብጠት ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የብሎን ጉድጓዶቹ ጥርስ ይጸዳ፤ ለዚህ አዲስ ጥርስ ማውጫ ከመክተት ይልቅ በብረት መጋዝ ጎኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ብሎን በቀስታ አስገብቶ ማውጣት ይበቃል። ከዚያም ጉድጓዱ በአየር ይነፋ። ታችኛው ጫፉ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ፣ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ጥርሱና የዳዶው መቀመጫ አምራቹ ያዘዘው ቅባት ይቀባ። በማጥበቂያ መፍቻው ላይ ከምናደርገው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን ሰበቃ ይወስደዋል፤ ብሎኑን የሚወጥረው ቀሪው ነው። ስለዚህ በደረቅና በተቀባ ብሎን መካከል ቶርክ ሬንቹ አንድ ቁጥር ቢያሳይም ውጥረቱ በጣም ይለያያል። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ልምዱ የተከበረ ቢሆንም፣ ለዚህ ሥራ ቶርክ ሬንች ያምጣ ወይም ይከራይ። ማጥበቁ ከመካከል ተጀምሮ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተሻገረ ወደ ዳር ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቁጥር ላይም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር ይደረሳል።

መመሪያው የሚያዝ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከጥቂት ሰዓታት ሥራ ቀጥሎም ዳግመኛ ይጠብቃል፤ የቫልቭ ክፍተቱም አብሮ ይስተካከላል። ሥራው ዐርብ ተጀምሮ ይህ ዙር ሰንበት ላይ እንዳይውል፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢጀመር ይመረጣል። የብሎኑ ደረጃ፣ የተቀባው ቅባት፣ የጠበቀበት ቁጥር፣ ቀኑና የመካኒኩ ስም ከወፍጮው የገቢ መዝገብ ጋር በሚቀመጥ ደብተር ይጻፍ፤ ቀጣዩ ኮሚቴ ሲረከብ ደብተሩንም ፈርሞ ይረከብ።